ከ«ልብ ቆመ» በታች

አቶ ተክለሃይማኖት ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ፖሊስ ጣቢያ ቢሮዬ ሲገቡ በአንድ እጃቸው የአይጥ መርዝ፣ በሌላው የሞት ማስረጃ ወረቀት ይዘው ነበር። ከኋላቸው ሁለት የእድር ሰዎች አንዲት ቀጭን ልጅ ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል። ልጅቷ አታለቅስም። ነጠላዋ ከአንድ ትከሻዋ ወርዷል፤ እንዳታስተካክለው ሁለቱም እጆቿ ተይዘዋል።

«እህቴን የገደለቻት ይቺ ናት» አሉ። «እሑድ ሞተች፣ ሰኞ ቀበርናት። ዛሬ ሣልስቷን እናወጣለን ስንል ይኼ ከዚች ፍራሽ ስር ተገኘ።»

ፓኬቱ ተቀዷል፤ ግማሹ የለም። ፌርማታ ላይ ከማስቲካና ከካልሲ ጋር የሚሸጠው ዓይነት ነው። እኔም ቤት አለ።

ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብኩት። ሟች ወይዘሮ ወርቅዬ፣ ዕድሜ ሃምሳ አራት፣ አየር ጤና የመጋረጃ ጨርቅ ነጋዴ። «የሞት ምክንያት» በሚለው ሳጥን ውስጥ አራት መስመሮች አሉ። በመጀመሪያው ላይ «የልብና የትንፋሽ መቆም» የሚል ተጽፏል። ከሱ በታች ያሉት ሦስቱ ባዶ ናቸው።

«ልባቸው ቆሞ ነው ይላል» አልኳቸው።

«እሱንማ እኔም አንብቤዋለሁ። ልቡ ሳይቆም የሞተ ሰው ያውቃሉ?»

አላውቅም። ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ቆይቼ አንድም አላጋጠመኝም። ሰውየው ሐዘን ላይ ናቸው፣ ጢማቸው አድጓል፣ ዓይናቸው ደም መስሏል፤ ጥያቄያቸው ግን ከሐኪሙ ወረቀት ይሻል ነበር።

ልጅቷን አስቀመጥኳት። ዱሬቲ ትባላለች፤ የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ከግንደበረት መጥታ ወይዘሮ ወርቅዬ ቤት ስትሠራ ሦስት ዓመቷ ነው።

«እሑድ ምን ሰጠሻቸው?»

«ጁስ። የሙዝና የአቮካዶ።»

«ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ማን አቀበ...»

«እኔ» አለች፣ ሳልጨርስ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ያለችውም ያን ጊዜ ነው። «እኔ ሰጠኋቸው። ጠጡ፣ ደረቴን አሉ፣ ወደቁ።»

«መርዙስ?»

«ጓዳው አይጥ አለው ጋሼ። እህል አላስቀምጥ ብሎን ነው።»

«ሁለት ክሊኒክ አልፋ ቤቴል ድረስ ወሰደቻት!» አሉ አቶ ተክለሃይማኖት። «ለምን? እስክትሞት ነዋ!»

«ቤቴል ውሰዱኝ ያሉት እትዬ ራሳቸው ናቸው» አለች ዱሬቲ፣ ለኔ ሳይሆን ለጠረጴዛው።

አቶ ተክለሃይማኖት አስከሬኑ ወጥቶ ይመርመር አሉ። የሟች ልጅ እናቴ አትነካም ብላለች አሉኝ። መቃብር ማስቆፈር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል፣ ቤተሰብ ይሰነጥቃል። ፍርድ ቤቱ ለምርመራ ሰባት ቀን ሰጠን። በሰባት ቀን ውስጥ እውነቱን ካላገኘሁ ዱሬቲን በማስረጃ እጦት ልለቃት እችል ይሆናል። ለሰፈሩ ግን እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ ነፍሰ ገዳይ ሆና መቅረቷ ነው። ይኼን ያህሉን እሷም ታውቅ ነበር።

*

ቤቱ ከአየር ጤና ወደ ቤቴል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው። የእድሩ ድንኳን አልተነሳም። ሳጅን አልፊያን ይዤ ሄድኩ። እሷ ጓዳ ታያለች፣ እኔ ሰው አያለሁ፤ ሥራውን የተከፋፈልነው ማናችንም ሳንናገር ነው።

ዮርዲ የሟች አንድ ልጅ ናት። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ ምህንድስና ትመረቃለች። አጎቷ አቶ ተክለሃይማኖት ከጎኗ ተቀምጠዋል።

«እናትሽ ታመው ነበር?»

«ጉንፋን ነገር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ድክም ብሏት ነበር፤ ያቅለሸልሻታል።»

«ሐኪም ጋ አልሄዱም?»

«ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል አለች።»

«ጁሱን ሲጠጡ አጠገባቸው ነበርሽ?»

«ሠራተኛዋ ሰጠቻት ተባለ እኮ ኢንስፔክተር!» አሉ አጎትየው። «ራሷ አምናለች። ይቺን ልጅ ለምን ያስጨንቋታል?»

ዮርዲ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘችና ዝም አለች። ሐዘንተኛ ዝም ሲል ብዙ አይጠየቅም። ማስታወሻዬ ላይ «ለቅሶ ላይ ናት» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ይኼ የመጀመሪያው ስህተቴ ነው።

አልፊያ ከመኝታ ቤት ጠራችኝ።

«ኢንስፔክተር ቀጄላ፣ እኚህ ሴትዮ ውሃ ይሰፍሩ ነበር።»

የያዘችው ትንሽ የላስቲክ ኩባያ ነው። በቀይ የጥፍር ቀለም ሁለት ቦታ ተሰምሮበታል። ከራስጌው ያለው የውሃ ጠርሙስም እንዲሁ ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። ቁም ሣጥኑን ከፈተችው፤ እጅጌ አጭር ልብስ አንድም የለም። አልጋው ስር ያሉት ሁለት አዳዲስ ጫማዎች ከሌሎቹ በሁለት ቁጥር ይበልጣሉ።

«ወፍረው ነበር?» አልኩ ዮርዲን።

«እንዲያውም ከስታ ነበር። እግሯ ብቻ ያብጣል። ሱቅ መቆም ነው ትላለች።»

ጓዳ ገባን። አይጡ መኖሩን ለማረጋገጥ ጊዜ አልፈጀብንም፤ አንዱ በአልፊያ ጫማ ላይ አለፈ። ጥግ ላይ ሙዝና ብርቱካን የያዙ ስድስት ፌስታሎች ተደርድረዋል። ሙዙ ጠቁሯል።

«ጠያቂ ያመጣው ነው» አለች ዮርዲ። «ጎረቤቱ መታመሟን ሲሰማ ከዓርብ ጀምሮ ቤቱ ከሰው አልተለየም።»

«ከዚያ በፊት ዓርብ ዓርብ ምን ያደርጉ ነበር?»

«ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት መርካቶ ትሄዳለች። ጨርቅ ልትመርጥ።»

አቶ ተክለሃይማኖት በሩ ላይ ቆመው ኖሯል። «መርካቶ?» አሉ። «ለሱቋ ጨርቅ የምልክላት እኔ ነኝ። መርካቶ ከረገጠች ሁለት ዓመት አልፏታል።»

አጎትና የእህት ልጅ ተያዩ። ሁለቱም የሚያውቋት ሴት ሌላ ሆና ተገኘች።

*

ወይዘሮ ኢሊሊ የግንብ ጎረቤት ናቸው። ሰው ጠይቋቸው የማያውቅ ይመስል አንዱን ስጠይቃቸው አምስቱን መለሱልኝ።

«ነጭ ቪትዝ ነዋ! ማክሰኞና ዓርብ ከበሩ ራቅ ብሎ ይቆማል። እሷ ነጠላዋን ተከናንባ ትገባለች። እኔ በሰው ላይ አፌን አላነሳም እንጂ... ባሏ ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ሌላ ሰው ብትለምድስ ምን አለበት? ታርጋውንም ይዤዋለሁ፣ ለክፉ ቀን ብዬ።»

«እሑድ ዕለት የት ነበሩ?»

«ውሃ መጣች እኮ! በሳምንቷ። የነወርቅዬ ቧንቧ አይወጣም፣ ግፊት የለውም። ታች ቦኖው ጋ ነው የምንቀዳው። እኔና ዱሬቲ ጀሪካን ደርድረን ወረፋ እየጠበቅን ሳለን ጩኸቱ ተሰማ። ጀሪካኔን ጥዬ ሮጥኩ፤ እስካሁን አላገኘሁትም።»

«አስከሬኑን የገነዙት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዎ። ለተክለሃይማኖት ትናንት ነው የነገርኩት፤ ግራ ክንዷ ላይ እንደ ገመድ የተጎነጎነ ነገር ነበር። እላዩ በመርፌ የተበሳሳ። አንድ ሁለት አይደለም እኮ፣ እንደ ወንፊት ነው። እግዜር ይማራት፣ ምን ነካት እንዳልል ሞታለች።»

ወጥተን መኪና ውስጥ ስንገባ አልፊያ ጣቶቿን ትቆጥር ነበር። የተሰፈረ ውሃ፣ ረጅም እጅጌ፣ ያበጠ እግር፣ የመርፌ ጠባሳ፣ ነጭ ቪትዝ።

«ሰውየው እየወጋቸው ነበር ልትይ ነው?» አልኳት።

«እኔ ምንም አላልኩም» አለች። «ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል።»

ያን ጊዜ አልሰማኋትም። ልቤ ቪትዙ ላይ ነበር።

*

ሹፌሩ ወንድይፍራው ይባላል። ሐሙስ ጠዋት ቤቴል አንድ ካፌ ውስጥ አገኘነው። ገና ስናየው ፖሊስ መሆናችንን አውቆ ማኪያቶውን ገፋ አደረገው።

«ወይዘሮ ወርቅዬን ታውቃቸዋለህ?»

«ደንበኛዬ ናቸው። ነበሩ። ሞታቸውን ትናንት ነው የሰማሁት፣ ስልክ ሳያነሱ ሲቀሩ።»

«የት ነው የምትወስዳቸው?»

«እዚሁ። ከካፌው ጀርባ ያለው ክሊኒክ። ጠዋት አንድ ሰዓት አደርሳለሁ፣ ከአራት ሰዓት በኋላ መጥቼ እወስዳለሁ። ዓመት ከምናምን ሆኖናል።»

«ምን ሊያደርጉ?»

«በሽተኛ የሚያስታምሙ ነበር የመሰለኝ። ሲወጡ ፊታቸው አመድ ይመስላል። ከኋላ ጋደም ብለው ሬዲዮ ዝጋ ይሉኛል። እኔም ዘግቼ እነዳለሁ፤ ሰው ሳይነግረኝ አልጠይቅም።»

«እሑድ የት ነበርክ?»

«የእህቴ ልጅ ሠርግ፣ ሰበታ። ሙሽሮቹን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ቪዲዮው አለ።»

ቪዲዮውን በስልኩ አሳየን። ነጩ ቪትዝ በአበባ ተሸፍኖ፣ እሱ መነጽር አድርጎ እስክስታ ይወርዳል። አልፊያ ሳቋን ዋጠች።

«ባለፈው ዓርብስ? አመጣሃቸው?»

«አልመጡም እኮ! አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩ። በኋላ ደወሉ። ‹ወንድዬ፣ ቤቱ በጠያቂ ተሞልቷል፤ እንዴት ብዬ ልውጣ? ዛሬስ ይቅር፣ ማክሰኞ እንሄዳለን› አሉኝ።» ስኒውን አዟዟረው። «ድምፃቸው ደክሞ ነበር። ገብቼ ላውጣዎት ብል ኖሮ... ግን ምን ብዬ እገባለሁ?»

የክሊኒኩን ስም ከወረቀቱ ጋር አስተያየሁት። ወይዘሮ ወርቅዬ እሑድ ሞተው የተመዘገቡት እዚያው ነው። የፈረመው ዶክተር ኤልናታን ነው።

*

ዶክተር ኤልናታን ወጣት ነው፤ ትሑትና ንጹሕ። የሞት ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት አላነሳውም።

«የታካሚ ምስጢር ነው» አለ።

«ታካሚዋ ሞተዋል።»

«ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ አንድ ነገር ልንገርዎት» አልኩት። «ሴትዮዋ ቤት የምትሠራ የሃያ ዓመት ልጅ አለች። መርዛ ገድላቸዋለች ተብላ ከትናንት ጀምሮ ማረፊያ ቤት ናት። ቤተሰቡ መቃብሩ ይቆፈር እያለ ነው። ይኼ ሁሉ የመጣው እርስዎ ‹ልብ ቆመ› ብለው ሦስት መስመር ባዶ ስለተዉ ነው።»

ፊቱ ተለወጠ። አለማወቁ ከልቡ ነበር። ተነስቶ ከመሳቢያ ፋይል አወጣና ረጅም የልብ ምርመራ ወረቀት ዘረጋልን።

«ሲመጡ ትንፋሻቸው ነበር» አለ። «ይኼን አነሳን፤ ይኼ ሹል ሹል ያለው ፖታሺየም ሲበዛ የሚመጣ ነው። ደም ወሰድን። ፖታሺየማቸው ስምንት ነጥብ ሁለት ነበር። ስድስት ሲያልፍ እኛ መሮጥ እንጀምራለን። አልደረስንባቸውም።»

«በአማርኛ።»

«ወይዘሮ ወርቅዬ ኩላሊታቸው ሙሉ በሙሉ ደክሞ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን እዚህ ደማቸው በማሽን ይታጠብ ነበር፤ ውሃም በልክ ነበር የሚጠጡት። ግራ ክንዳቸው ላይ ያለው ለማሽኑ የተሠራ የደም ሥር ነው። ዓርብ ቀሩ። ሰውነታቸው ማስወጣት ያልቻለው ፖታሺየም ተጠራቀመና ልባቸውን አቆመው።»

«መርዝስ?»

«ያስታውካል፣ ያደማል፣ ሌላ ብዙ ምልክት አለው። እዚህ የለም። እጥበት ለቀረበት ሰው ይኼ ውጤት የሚጠበቅ ነው።» ቆም አለ። «ከዓርብ እስከ እሑድ ምን እንደበሉ ያውቃሉ?»

አልፊያ መለሰችለት። «ሙዝ። ብርቱካን። የአቮካዶ ጁስ።»

ዶክተሩ ዓይኑን ጨፈነ። «ሦስቱንም በጥብቅ ከልክያቸው ነበር፤ ፖታሺየም የሞላባቸው ናቸው። ለጤነኛ በረከት ነው፤ ለሳቸው ግን...»

አልጨረሰውም። እኛ አገር በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሙዝና ብርቱካን ተይዞ ይገባል፣ ተልጦ ይሰጣል፣ «በሞቴ አንዲት ብቻ» ይባላል። እምቢ ለማለት ምክንያት መናገር ያስፈልጋል። ወይዘሮ ወርቅዬ ምክንያታቸውን መናገር ስላልፈለጉ ሦስት ቀን ሙሉ የተሰጣቸውን ጎረሱ።

«ለምን ደበቁ?» አልኩት።

«ልጄ ከሰማች ኩላሊቷን ትሰጠኛለች አሉ። ‹እኔ የበላሁትን ዕድሜ በልቻለሁ፣ ልጄን አላስቀድድም።› ብሞት እንኳ እንዳይጻፍ ብለው አስማሉኝ። ሳልሰጣት ሞተች ብላ ስትጸጸት እንዳትኖር።» ጣቱን ባዶዎቹ መስመሮች ላይ አሳረፈ። «በትምህርት ቤት ‹ልብ ቆመ› ብላችሁ አትጻፉ ብለው ነው ያስተማሩን። ሁሉም ይጽፈዋል። ማንም መልሶ አይጠይቅም።»

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል ዶክተር። እርስዎ ለአንዷ አዝነው ቀደዱ፤ ሌላዋ ተበላች።»

ተናድጄ ነበር፤ እንዳልተናደድኩ አላስመሰልኩም። እሱም አልተከላከለም። ግን የባሰው ገና አልተነገረኝም ነበር።

«ሌላም አለ» አለ። «የሳቸው በሽታ በዘር የሚወረስ ነው። ኩላሊት ውስጥ ውሃ የቋጠሩ እጢዎች እየበዙ ይሄዳሉ። እናት ካለባት ልጅ የመውረስ ዕድሏ ግማሽ በግማሽ ነው። ሳይረፍድ ከታወቀ የደም ግፊቷን እየተቆጣጠርን ብዙ ዓመት ማዘግየት ይቻላል። ልጅቷን ለምርመራ ያምጧት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው። ‹ትመረቅ› አሉኝ።»

«ኩላሊቷን ልትሰጥስ ትችል ነበር?»

«ከወረሰች አትችልም። ካልወረሰችም ሳይጣራ አይወሰድም። እናትየው ግን ይኼንን መስማት አልፈለጉም።»

እስክሪብቶዬን አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩት። አዲስ ቅጽ አምጥቶ ቀስ ብሎ ሞላው። አንደኛ፣ የደም ፖታሺየም መብዛት። ሁለተኛ፣ በመጨረሻ ደረጃ ላይ የደረሰ የኩላሊት መድከም። ሦስተኛ፣ በዘር የሚወረስ የኩላሊት ውሃ ቋጠሮ ሕመም። አራተኛውን በአንድ ሰረዝ ዘጋው።

*

ማታ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ የወይዘሮ ኢሊሊ ጀሪካን ላይ ቆምኩ። እሑድ ጩኸቱ ሲሰማ ዱሬቲ ቦኖው ጋ ወረፋ ላይ ነበረች። እንግዲያው ብርጭቆውን እንዴት አቀበለች?

ዓርብ ጠዋት ማረፊያ ቤት አስጠራኋት። በኦሮምኛ ነው ያናገርኳት፤ በሰው ቋንቋ መዋሸት ይቀላል ብዬ።

«ብርጭቆውን ማን ሰጣቸው?»

«እኔ።»

«አንቺ ቦኖ ጋ ነበርሽ። ወይዘሮ ኢሊሊ ይመሰክራሉ።»

የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«ዱሬቲ፣ ጁሱ ውስጥ መርዝ የለም። እመቤትሽ የኩላሊት በሽተኛ ነበሩ፣ ደብቀውት ነው። ማንም አልገደላቸውም።»

ረቡዕ ሲጎትቷት ያላለቀሰችው ልጅ አሁን አለቀሰች። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ብዙ ቆየች።

«ሠርቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬው ውሃ ልቀዳ ወጣሁ» አለች በመጨረሻ። «ያጠጣቻቸው ዮርዲ ናት። ጋሽ ተክለሃይማኖት መርዝ አለበት ሲሉ... እናቷን ቀብራ ሳምንት ሳይሞላት እሷን ሊያስሯት ነው አልኩ። እኔን ቢያስሩ ምን ይጎድላል?»

«አንቺ ትጎድያለሽ።»

ጣቢያው የያዘባትን ስልክ ሳስመጣላት ከፍታ አሳየችኝ፤ ረቡዕ ቀን ከወንድሟ የተላከ አጭር መልእክት ነው። ከሰፈሩ ልጆች አንዱ ደውሎ ነግሯቸዋል። «ሰው ገድላ ታሰረች እየተባለ ነው፤ እናታችን መተኛት አቅቷታል፤ እውነት ነው ወይ» ይላል።

ዐቃቤ ሕጉ ፋይሉን አይቶ ከሰዓት በኋላ ለቀቃት። ስትወጣ ልብሷን ከማምጣት ሌላ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወረቀቱን ይሰጡኛል? በምን እንደሞቱ የተጻፈበትን። አገሬ ይዤው ልሂድ። በአፌ ብናገር ማን ያምነኛል?»

የሞት ወረቀት ለቤተሰብ እንጂ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ያንን ነገርኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ ክልከላ የለመደ ሰው እንደሚነቀንቀው።

*

ዓርብ ማታ አዲሱን ወረቀት ለአቶ ተክለሃይማኖትና ለዮርዲ ሰጠኋቸው። አቶ ተክለሃይማኖት ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይቺ ትውጣ» አሉ።

«የምትወጣ ነገር የለችም።»

«ኩላሊት ይባል፣ እሺ። በዘር የሚወረስ ተብሎ ሰፈር ከሰማ ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? ለሠራተኛዋም መፈታቷ ይበቃታል። ካሳ እንሰጣለን፣ ሽማግሌ እንልካለን። ወረቀቱ ግን ከዚህ ቤት አይወጣም።»

ዮርዲ ወረቀቱን ይዛ አንዴም ቀና አላለችም። ደግማ ደጋግማ ታነበዋለች።

«አባትዎ በምን ነው የሞቱት?» ስል ጠየቅኳቸው።

«አገር ቤት ነው፣ ልጆች ሳለን። ምን አገናኘው?»

«በምን ሞቱ?»

«አብጠው» አሉ። «እግራቸው፣ ፊታቸው... ሰው መርዝ አብልቷቸው ነው ተባለ። አንዲት ጎረቤት ነበረች፣ እንሰት አብራ የምትፍቅ። እሷ ናት ተባለና ከነልጆቿ ከመንደር...»

አቋረጡት። መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ፣ ደግሞ አወለቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ሦስተኛው መስመር ምንም አላሉም። ግን እሺም አላሉም።

ለዮርዲ ብርጭቆው የመጨረሻው እንጂ ብቸኛው እንዳልሆነ፣ ዓርብ እጥበቱ ባይቀር አንድ ብርጭቆ ብቻውን እንደማይገድል ዶክተሩ የነገረኝን ነገርኳት። ዱሬቲ ለሷ ስትል ጥፋቱን በራሷ ላይ እንደወሰደችም ነገርኳት። እሷ ራሷ ለምን ዝም እንዳለች አልጠየቅኳትም። ፈርታ ነው። የሚያስፈራ ነገር ነበር።

*

እሑድ ሰባቱ ነበር። ፖሊስ ሰባት ላይ አይጠራም፤ እኔና አልፊያ ግን ሄድን። ድንኳኑ ሞልቷል። ዱሬቲ ልብሷን ልትወስድ መጥታ ሻንጣዋን በእጇ አንጠልጥላ በሩ ጋ ቆማለች። ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውጪም አላላትም። ሰው ሁሉ የሚያወራውን አቁሞ ወደሌላ ያያል።

ካህኑ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ ዮርዲ ተነሳች። ወረቀቱን ይዛለች።

«እናቴ በምን እንደሞተች ልንገራችሁ» አለች።

አጎቷ ተነሱ። እኔም ሳላስበው ተነሳሁ፤ የሚነጥቋት መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሄደው ከጎኗ ቆሙ፤ እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉት አጥተዋል።

አንደኛውን አነበበች። ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ አጎቷ ተቀበሏትና ጨረሱት። «በዘር የሚወረስ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «አባታችንም የሞተው በዚሁ ይሆናል። ያኔ ሰው ወነጀልን። አሁንም ወነጀልን። የእግዚአብሔር ልጅ፣ ይቅር በይኝ።»

የመጨረሻዋ ቃል ለዱሬቲ ነበረች። ዱሬቲ ከበሩ አልተነቃነቀችም።

ዮርዲ ዓይኗን ጠርጋ ቀጠለች። «ጁሱንም ዱሬቲ አይደለችም የሰጠቻት። እኔ ነኝ። እናቴ አልፈልግም አለችኝ። በሞቴ አልኳት። ለኔ ስትል ጠጣችው።»

ወይዘሮ ኢሊሊ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። እሑድ ጠዋት ብርቱካኑን ልጠው በእጃቸው ያጎረሱት እሳቸው ነበሩ። እንደሳቸው አፋቸውን የያዙ ሌሎች ሴቶችም አየሁ።

ዮርዲ በሰዉ መካከል አልፋ በሩ ጋ ሄደች። ወረቀቱን ለዱሬቲ ዘረጋችላት። «ማኅተሙ አለበት» አለች። «እኔ ሌላ አወጣለሁ። ለእናትሽ አሳያት።»

ዱሬቲ ተቀበለች። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች አነበበችው። ሦስተኛው መስመር ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ አስገባችው።

«የሚወረስ ከሆነ አንቺም መታየት አለብሽ» አለች።

«ነገ ጠዋት ቀጥረውኛል።»

«ከማን ጋር ነው የምትሄጂው?»

ዮርዲ ወደ ድንኳኑ ዞር አለች። አባቷ የሉም፣ እናቷ የሉም፤ አጎቷ እዚያ ቆመው ያለቅሳሉ። ዱሬቲ ትንሽ አየቻትና ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።